ጉላዋ ወደ ምንጭ በወረደች ቀን

እኔ ፈሪ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በግብፅ በረሃ ባለችው ከተማችን በሲዋ ስለ እኔ የሚወራው ሌላ ነውና። ሃያ ዓመት ሙሉ በአህያ ጋሪ እንግዳ ሳመላልስ፣ የሙታኑ ተራራ ዋሻ ውስጥ ብቻዬን እየገባሁ የረሱትን ጃንጥላ ሳወጣላቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ያደረግሁት ግን ከፍርሃት ይሁን ከክፋት እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ነገሩ የእህቴ ነው። ሐኒያ ባሏ ደይሁም ሞቶባት፣ እንደ ወጉ ነጭ ለብሳ ቤት ተዘግቶባት ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለችውን ሴት ጉላ እንላታለን። የሟቹ ነገር ገና ላይዋ ላይ ነው ይባላል። ቀኗ ሲሞላ ምንጭ ወርዳ ትታጠባለች፣ ውሃው ይወስድላታል፣ አለቀ። ስትወርድ መንገድ ላይ ሰው ካገኛት ግን ያ ነገር እሷን ትቶ ከዚያ ሰው ጋር ይሄዳል። ለዚህ ነው ሽማግሌው ሐጅ ሩሐይም ከበሮ እየመቱ የሚለፍፉት፣ ሰውም በሩን የሚዘጋው። አስፋልቱ ከገባ ወዲህ ወጣቶቹ ይስቁበታል። በራቸውን ግን ይዘጋሉ።

ደይሁም፣ አላህ ይቅር ይበለው ልበል እንጂ፣ ደሜን የሚያፈላ ሰው ነበር። መትቷት አያውቅም፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ አያውቅም። እህቴ በሄደችበት ሁሉ ግን ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ሆኖ የመከናነቢያዋን ጫፍ ይይዛል፣ እንደ ልጓም። ሰባት ዓመት ሙሉ እናታችን ቤት እንኳ ብቻዋን አልመጣችም። ግመል ነክሶት የግራ ጆሮው ግማሽ ነበር። ያ ግመል ምነው ትንሽ ዝቅ ብሎ በነከሰው እል ነበር በሆዴ።

መውጫዋ ሦስት ቀን ሲቀረው ዳቦና ወይራ ይዤላት ሄድኩ። የምናወራው በበሩ ስንጥቅ ነው።

«መዳኒ፣ ወንድምዬ፣ አልሄደም እኮ» አለችኝ።

«ማን?»

«ማን ይሆናል! ጫፉን ይዞታል። ስቀመጥ ይላላል፣ ስነሳ ይወጠራል።»

«ሚስማር ይዞሽ ነዋ፣ ሞኝ።»

«ሚስማር ይተነፍሳል?»

ዳቦውን በስንጥቁ አቀበልኳት።

«ውሃው ባይወስደውስ?» አለች። «ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው የኖረው፣ ውሃ መች ይፈራል? ይዞኝ ሊመለስ ከሆነ እኔ ከምንጩ አልወጣም። እዚያው እቀራለሁ።»

«እረፊ! አታሟርቺ!» ብዬ ጮህኩባት። ድምፄ ግን እኔኑ አስፈራኝ። ሐኒያ ከልጅነቷ ጀምሮ አደርጋለሁ ያለችውን ያላደረገችበት ቀን የለም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ሲት ኢንሳፍ የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ የእስክንድርያ የታሪክ መምህርትን በጋሪዬ አመላልስ ነበር። ከባላቸው ሞት በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ብቻቸውን የኖሩ፣ ልጅም ያልወለዱ ሴት ናቸው። ምንጮቻችንን አንድ በአንድ እያዩ በደብተር ይጽፋሉ። እኔ አፌን ከከፈትኩ ያርሙኛል።

«ልጄ፣ አንተ ያልከው ንጉሥ ከመወለዱ በፊት ይህ ቤተ መቅደስ ነበረ!»

«እንግዲያው ጋሪውን እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ልጎብኝ» እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። እውነቴን ነው፣ ወድጃቸው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከቀትር በፊት ከማረፊያቸው በር ላይ ቆመን ሳለ ሐጅ ሩሐይም ከበሯቸውን እየመቱ መጡ። በእኛው ቋንቋ ነው የሚለፍፉት፦ «ጉላዋ ከቀትር በኋላ ትወርዳለች! ነፍሱን የሚወድ ከዓይን ዙመር ምንጭ መንገድ ይራቅ!» ሲት ኢንሳፍ ከዓረብኛ በቀር አይሰሙም።

«ምን ይላሉ ሽማግሌው?» አሉኝ።

አፌን የከፈትኩት እውነቱን ልናገር ነው። አላህ ያውቃል።

«ፍየል ጠፍታለች ነው የሚሉት።»

«ምስኪን! ምን ዓይነት ናት?»

«ነጭ» አልኩ።

«እንግዲህ ካየኋት እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ዓይን ዙመር ብቻዬን በእግሬ ብወርድስ? እስካሁን አላየሁትም።»

«ዛሬ ነው የሚሻለው» አልኳቸው። «ማንም አይረብሽዎትም።»

ፎጣቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ሄዱ። እኔስ? እኔማ ቤቴ ገባሁና በሬን ዘጋሁ፣ ከውስጥም በግንድ ደገፍኩት። እንዲህ ያለውን ነገር መች አምንበታለሁ እላለሁ ለራሴ። ግንዱን ግን ተመልሼ ተመልሼ እፈትሻለሁ። ከተማው እንዲያ ጸጥ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። ውሻ የለም፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር የለም፣ ሙአዚኑ እንኳ የቀትሩን አዛን ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር ያለው። አንድ ጊዜ ብቻ ከሩቅ የሴት ሳቅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ወደ አስር ሰዓት ገደማ ወጥቼ ደጄ ላይ ጋሪዬን ሳዘጋጅ ሲት ኢንሳፍ ፀጉራቸው እንደረጠበ፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አብርቶ መጡ።

«ምን ዓይነት ውሃ ነው! ከታች አረፋው እየተንቦለቦለ እግርህን ይኮረኩርሃል። ደግሞ ሰው አገኘሁ። ነጭ የለበሰች ልጅ። ሰላም ብላት ክው ብላ ቀረች፣ ምስኪን። ባሏ ግን ጨዋ ነው።»

«የቱ ባሏ?»

«ከኋላዋ ነበራ። እንዳትንሸራተት የልብሷን ጫፍ ይዞላታል። ጆሮው ጉዳት አለበት መሰለኝ፣ የግራው። እኔ ስደርስ ጫፉን ለቀቀላትና ፈገግ አለልኝ። እሷ ወርዳ ታጥባ ስትሄድ እንኳ አልተከተላትም። እኔ ታጥቤ እስክወጣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ጠበቀኝ።»

የጋሪውን ጎማ ያዝኩ።

«ከዚያስ የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። ስመጣ ዳናው ከኋላዬ ነበር» አሉና መንገዱን ዞር ብለው አዩ። እኔ አላየሁም።

ያን ዕለት ሐኒያ እናታችን ቤት በላች፣ ሁለት ሳህን። ከዚያ ወደ ጓሮ ጎተተችኝ።

«መዳኒ፣ አንዲት ሴትዮ አገኙኝ። ሽሹ ልላቸው ስል ድምፄ እምቢ አለኝ። ምን ይሆኑ ይሆን?»

«ምን ይሆናሉ! የእስክንድርያ መምህርት ናቸው፣ የውጭ ሰው ላይ አይሠራም» አልኳት። አመነችኝ። ትከሻዋን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች፣ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች።

በማግስቱ ሲት ኢንሳፍን ወደ አውቶቡሱ ወሰድኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ልነግራቸው ወስኜ ነው ያደርኩት። አህያዬ ግን ጋሪውን ለማንቀሳቀስ ስትታገል አቃሰተች፤ እኚያን ቀጭን ሴትዮና አንድ ሻንጣ! ወርጄ መግፋት ነበረብኝ።

«ታውቃለህ፣ መዳኒ» አሉኝ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣ «አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን ተኝቼ ትናንት ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ያልሆንኩ መሰለኝ። ይህ አገራችሁ ምን አለው?»

አሁን ንገራቸው፣ አልኩ ለራሴ፣ አሁን። የሐኒያ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር። «ውሃው ነው» አልኩ። እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ ሻንጣቸውን ከጎናቸው አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የአውቶቡሱ ግማሽ ባዶ ነበር።

ደብዳቤያቸው የደረሰኝ ተምር በምንለቅምበት ወቅት ነው። ጽሑፋቸው እንደ ቸኮለ ሰው ተጣሟል።

«ልጄ መዳኒ፣ ለተምሩ እመጣለሁ ብዬህ ነበር፣ አልሆነልኝም። ጎረቤቶቼንም ካየሁ ሰነበትኩ። ብዙ ስጽፍ አይወድም። የዚያች ልጅ ባል ስሙ ማነው? በስሙ ብለምነው ምናልባት ገበያ ድረስ ይለቀኝ ይሆናል።»

ሐኒያ በዚያው ቅጽበት ከእናታችን ቤት ብቻዋን እየተራመደች፣ ቅርጫት በራሷ ላይ አድርጋ ደረሰች።

«ከማን ነው?»

«ከእስክንድርያዋ መምህርት።»

«ውይ! ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ተመስገን!» አለች፣ ፊቷ ሁሉ በራ። «ሲያስጨንቀኝ ነበር እኮ የከረመው። ይምጡ በላቸው፣ እኔ ዘንድ ይረፉ።»

«እላቸዋለሁ» አልኳት። ስሙን ብጽፍላቸው አውቄ እንደ ላክኋቸው ይገባቸዋል። መልስ አልጻፍኩም።