የዑምኩልሱም መቃብር

አሲያ የሕፃኑን ጨርቅ አጥሩ ላይ ስታሰጣ ከአርዲቦ ሐይቅ በሚወጣው ቀጭን መንገድ ሰዎች ተሰልፈው ሲመጡ አየች። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለቅሶ ነው። ማን ሞቶ ይሆን ብላ ዞራ የጎረቤቶቿን ቤቶች ተመለከተች። ሰልፉ የሙላትን ቤት አለፈ፣ የመስኡዳንም ቤት አለፈ፣ ከዚያ ወደ እሷ በር ታጠፈ።

"ሳጂዳ!" ብላ ወደ ቤት ተጣራች። "አባትሽ ደውሏል እንዴ?"

"አልደወለም፤ ኔትወርክም የለ። ምነው እማ?"

የአሲያ ባል ሐቢብ እናቱን ዑምኩልሱምን ሊያመጣ ወደ ወረባቦ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። አሲያ አጥሩን ጨብጣ ያዘች። ጎረቤቷ ተሾመች ከሴቶቹ ቀድማ ደርሳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"እኔን! እኔን አሲያዋ! ዑምኩልሱምዬን ብቻሽን ትቅበሪያቸው? ጎረቤት የሌለሽ ይመስል?"

"ሐቢብ አይደለም?" አለች አሲያ።

"ሐቢብ ምን ሆነ?"

"ምንም። እናታችን ሞቱ ያለሽ ማን ነው?"

"ማን ይነግረኛል፣ አንቺ ደብቀሽኝ! ትናንት ለአጥሬ እንጨት ስፈልግ በጓሮሽ አልፌ መቃብራቸውን አየሁት። ለለቀስተኛ የምታቀርበው ስለሌላት ነው ዝም ያለችው ብዬ ሳለቅስ አደርኩ።"

አሲያ በተሾመች ትከሻ ላይ አሻግራ ጓሮውን አየች። ከቁልቋሉ ሥር ከፍ ያለ አፈር አለ፤ ከራስጌና ከግርጌው ድንጋይ ቆሞበታል። ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው።

በጥቅምት መጨረሻ፣ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከውጫሌ በኩል እየቀረበ ሲመጣ፣ አሲያና ሐቢብ ሁለት ማዳበሪያ ማሽላ የት እንደሚያስገቡ ጨንቋቸው ነበር። ማሽላው ዝም ብሎ ማሽላ አይደለም። ወተት በጉንጬ የሚሉት ነው፤ እሸቱ ሲቆረጠም እንደ ስሙ የሚጣፍጥ የአገሩ ዘር። አሲያ በየዓመቱ ከአጨዳ በፊት ማሳው ውስጥ እየዞረች ዛላውን አንድ በአንድ ትመርጥና፣ ወቅታ፣ ነቀዝ እንዳይደርስበት በአመድ አሽታ ታስቀምጠዋለች። በመንደሩ ዘር የጠፋበት ሁሉ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ጎተራ ውስጥ ቢተዉት ይገኛል። ቢቀብሩትም አዲስ አፈር ራሱ ያወራል። መላውን ያመጡት የሐቢብ እናት ዑምኩልሱም ናቸው።

"ሰው ጉድጓድ ይበረብራል እንጂ መቃብር አይቆፍርም" አሉ መደባቸው ላይ እንደ ተጋደሙ። "የኔ ነው በሉት። እኔ እንደሆን ለጊዜው አልፈልገውም።"

ሐቢብ አስተግፊሩላህ፣ ይቅር በለኝ እያለ ቆፈረ። ውስጡን ጭድ አነጠፉበት፣ ማዳበሪያዎቹን አስተኙ፣ አፈር መልሰው ድንጋዮቹን አቆሙ። ከዚያ አሮጊቷን ወረባቦ ሴት ልጃቸው ዘንድ አድርሰው፣ እነሱ ነፍሰ ጡሯን ሳጂዳን ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። በታኅሣሥ ሲመለሱ በሬዎቹ የሉም፤ ጎተራው ተጠርጓል፤ የማሳውን ማሽላ ከብት ጨርሶታል። መቃብሩን ግን ማንም አልነካውም። የእናታችን ብልኃት እያሉ ሁለቱም አለቀሱ።

ሳጂዳ የወለደችው በስደት ላይ ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ ከሳምንት ወዲህ ደግሞ የጡቷ ወተት እየሸሸ ነው። ሐቢብ ሲመለስ ጉድጓዱን ከፍተው አንዱን ማዳበሪያ ሊያስፈጩ ተነጋግረዋል። የዘር እህል መብላት በዚህ አገር ነውር ነው፤ ሕፃን ሲያለቅስ ግን ነውሩን የሚያስታውስ የለም።

አሁን ግቢው በሰው ሞልቷል። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሀሚዱ በዱላቸው ተደግፈው መሐል ቆሙ። ቅሬ ማለት የመንደሩ የቀብርና የሐዘን ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ዳኛው የተናገረው ይጸናል።

"አሲያ ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ" አሉ። "ቅሬው ትናንት ተሰብስቧል። ደንባችንን ታውቂዋለሽ፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ከእናትሽ ቀብር ደግሞ ያልቀረ ሰው የለም። ስለዚህ ሁላችንም ተቀጥተናል። በየቤቱ አንድ ጣሳ እህል።"

"እርስዎም?" አለች አሲያ፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

"እኔ ዳኛ ነኝ፤ ሁለት ጣሳ።"

ሴቶቹ እየቀረቡ ጣሳቸውን መሬት ላይ ወደ ተዘረጋው ጆንያ ገለበጡ። ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ ተሰልፈው የተቀበሉት የእርዳታ ስንዴ ነው፤ ወር እንኳ አያደርስም። መስኡዳ ተራዋ ሲደርስ ጣሳውን በመዳፏ ከድና ቶሎ ገለበጠችው። አሲያ ግን አይታለች። ግማሽ ነበር። የመስኡዳ ልጆች አራት ናቸው።

ያቺ ግማሽ ጣሳ አሲያን እንደ ጥፊ አመመቻት። መጣሁ ብላ ወደ ቤት ገባች። ሳጂዳ ሕፃኑን ታቅፋ በበሩ ስንጥቅ ትመለከት ነበር።

"እማ፣ ዝም በይ" አለች በሹክሹክታ። "አባቴ እስኪመጣ ዝም በይ።"

"ስንዴያቸውን እየወሰድኩ?"

"ከተናገርሽ ሁሉም ይጠይቅሻል። ለዚህ ሁሉ ሰው ሰጥተሽ ለኛ ምን ይተርፋል? ይሄንንስ ምን ላጠባው ነው?" ሕፃኑ ደረቷን እየፈለገ ያለቅሳል።

አሲያ የሕፃኑን ራስ ዳበሰች። ልጇ እውነቷን ነው። ሁለት ማዳበሪያ ለአንድ ቤት እስከ ሰኔ ያደርሳል። ከቤታቸው ሰው በቀር ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ወደ ደጅ ስትመለስ ወንዶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ እርሻ ያወራሉ።

"ማረሱንስ በሬ ተዋሰንም እናርሳለን" ይላል ሙላት። "ምን እንዘራለን ነው ጥያቄው።"

"ከገበያ ማሽላ እንሸምታለና" አለ አንዱ።

"ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ማሽላ? የኛን ዝናብ መች ያውቀዋል? ዛላ ሳያወጣ ነው የሚደርቀው።"

"እርዳታ እንደሆነ አላህ ይስጣቸው፣ ይመጣል" አሉ ሼህ ሀሚዱ። "አንድ ዓመት ሰው ሰጥቶህ ብትበላ አያሳፍርም። ዘር የሌለው ገበሬ ግን በየዓመቱ ሰልፍ ላይ ነው።"

"የአሲያንም ወተት በጉንጬ በልተውት ሄዱ" አለች ተሾመች። ወዲያው ሙላትን ጎሸም አደረገችው። "በሉ ተዉት፤ ሐዘኗ ይበቃታል።"

ሼህ ሀሚዱ ተነሡ። "ኑ፣ ቢያንስ መቃብሯ ላይ እንስገድላት። ያለ ሶላት ነው የተቀበረችው።"

ወንዶቹ መቃብሩን ከፊታቸው አድርገው ተሰለፉ። ሙላት ባርኔጣውን አውልቆ ከጎን ቆመ። ሼህ ሀሚዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እጆቻቸውን ወደ ጆሯቸው አነሡ። አሲያ አየቻቸው። ስንዴውን ዝም ብላ ልትቀበል ትችል ነበር። ይህን ግን አልቻለችም።

"ሼህ ሀሚዱ፣ ይተዉ! ለአላህ ብለው ይተዉ!"

እጆቻቸው አየር ላይ ቀሩ።

"እናታችን አልሞቱም። ወረባቦ ናቸው። ሐቢብ ሊያመጣቸው ነው የሄደው።"

"ታዲያ እዚህ ያለው ማን ነው?"

"ማሽላ ነው" አለች አሲያ። "ዘሩ ነው። እንዳይወሰድብን ቀብረነው ነው። ይቅር በሉኝ።"

ከዚያ ተሾመች አፏን በነጠላዋ ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ እየሳቀችም እንባዋ ይወርዳል። "ዑምኩልሱምዬ አሉ! እኔ ሌሊቱን ሙሉ ለማሽላ ሳለቅስ!"

"ማሽላ ላይ ልታሰግጂኝ ነበር?" አሉ ሼህ ሀሚዱ። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ጢማቸው ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። "በሰባ ዓመቴ፣ ለማሽላ የጀናዛ ሶላት!"

ሳቁ በሰልፉ ውስጥ ዞረ፤ ከጦርነቱ ወዲህ በዚያ ግቢ እንዲህ ተስቆ አያውቅም። ቀስ በቀስ ግን በረደ። ዘር የሚለው ቃል በየልቡ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም አፈሩን ያያል፤ መልሶ ዓይኑን ይሰብራል። አሲያ ማን ቀድሞ እንደሚጠይቃት ጠበቀች። የጠየቃት የለም።

"በሉ እንሂድ" አሉ ሼህ ሀሚዱ። "ያየነው መቃብር ነው። ሌላ ያየ አለ?"

"የለም" አለ ሙላት።

"ስንዴያችሁንስ?" አለች አሲያ። "ሞት ከሌለ ቅጣት የለ። ውሰዱት እንጂ።"

"የተሰጠ ይመለሳል እንዴ?" አለች ተሾመች። "ለአራሷ ይሁን። አብሽሪ፣ አይዞሽ።"

ሰዎቹ ዞረው መውጣት ጀመሩ። መስኡዳ ባዶ ጣሳዋን በጣቷ አንጠልጥላ ከሁሉም ኋላ ትሄዳለች። እነዚህ ሰዎች ትንሽ ቢለምኗት፣ ትንሽ ቢቆጧት፣ እምቢ ለማለት ይቀላት ነበር።

"መስኡዳ!" ብላ ተጣራች። "ጣሳሽን ባዶውን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? ሁላችሁም ተመለሱ እንጂ!" ወደ ቤቱ ዞረች። "ሳጂዳ!"

ሳጂዳ በሩ ላይ ቆማለች። ጆንያው ውስጥ የተጠራቀመውን ስንዴ አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ፣

"ዶማው ከበሩ ኋላ ነው" አለች።

ሙላት ቆፈረ። ማዳበሪያው ሲፈታ የአመድ ሽታ ወጣ፤ ማሽላው አንድ ነቀዝ አልገባበትም። አሲያ በየቤቱ ጣሳ ሙሉ፣ ጫፉ እስኪፈስ ሰፈረች። ለከርሞ እንዲሁ ሙሉ አድርጎ የማይመልስ ካለ ሼህ ሀሚዱ ራሳቸው እንደሚቀጡት ተናገሩ። መስኡዳ ስትቀበል በመዳፏ አልከደነችውም።

አንዱ ማዳበሪያ አልቆ ሁለተኛው ገና አልተነካም።

"ይሄ የናንተ ነው" አለ ሙላት። "ለአራሷ አስፈጪላት።"

አሲያ ወደ ጆንያው ስንዴ ጠቆመች። "አራሷ የምትበላው አላት።" ከዚያ ከሐይቁ ማዶ ወደ ተዘጉት ቤቶች ቀና አለች። "ባንቺአየሁ አልተመለሰችም። ዝናውም፣ ሙጂባም። ሲመጡ ምን ይዘራሉ?"

ከማዳበሪያው ለራሷ ማሳ ሁለት ጣሳ ብቻ አወጣች። የቀረውን አስራ መልሳ ጭዱ ላይ አስተኛችው፤ አፈሩንም በእጇ ገፋችበት። ሼህ ሀሚዱ የራስጌውን ድንጋይ ሊነቅሉ ጎንበስ አሉ።

"ድንጋዩ ይቆይ" አለች አሲያ።

"ዑምኩልሱምዬ ሲመጡ መቃብራቸውን ያዩታላ!" አለች ተሾመች።

"ይዩት። ለጊዜው አልፈልገውም ብለዋል" አለች አሲያ፤ የግርጌውንም ድንጋይ አቃንታ ዙሪያውን አፈር በእግሯ ረገጠች።