ዘጠኝ ሺህ የተባለው ማሽን

ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ የሱቅ ጎረቤቴ ጋሼ ዘመድኩን ሐራጁን ሲጠሩ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን አሳዝነው መጥራታቸው ነው።

«የወንድማችን የኑሪ ማሽን፣ ዘጠኝ ሺህ ብር! አንደኛ!»

ሰባተኛ ሰፈር ባለው የልብስ ሰፊዎች ተራችን አንድ ደንብ አለ። ከመካከላችን ሰው ሲሞት ዕቃው ለውጭ ሰው አይሸጥም፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በሐራጅ ይገዛዋል። ደንቡ የወጣው ለሟች ቤተሰብ ታስቦ ነበር። ዋጋ የሚጨምረው ሰው ዕቃውን ፈልጎት ሳይሆን ሐዘንተኛው ቀና እንዲል ብሎ ነው። የጋሼ ዘመድኩን ወንድም የሞተ ጊዜ ባሌ ኑሪ ክዳኑ የማይገጥም የከሰል ካውያ በአዲስ ዋጋ ገዝቶ መጣ። «ምን ልትሠራበት ነው?» ብዬ ስጮኽበት «እኔ መቼ ካውያ ገዛሁ?» አለኝ። ካውያው ይኸው እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ለራሱ ለኑሪ ሲሆን ጋሼ ዘመድኩን ራሳቸው የሰጡት ዋጋ ዘጠኝ ሺህ!

የባል ሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀኔን ጨርሼ ሱቁን የከፈትኩት በዚያው ሳምንት ነበር። ሸራ የሚሰፋውን ትልቁን ማሽን ጉልበቴ አይችለውም። እሱን ሸጬ፣ የልብስ ጠርዝ የሚዘመዝም ኦቨርሎክ ገዝቼ የተማሪ ዩኒፎርም ልሰፋ አስቤአለሁ። በዘጠኝ ሺህ ኦቨርሎክ አይገዛም። እሱ ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ሱቁን እለቃለሁ። እኔ ስለቅ ግድግዳውን አፍርሶ ሱቁን የሚያሰፋው ማን እንደሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግድግዳ የምንጋራው ከጋሼ ዘመድኩን ጋር ነው።

«ሁለተኛ!»

ዙሪያዬን አየሁ። ከኑሪ ጋር ስንት ዓመት አብረው የበሉ ወንዶች ጫማ ጫማቸውን ያያሉ። አንድ እንኳ መቶ ብር የሚጨምር ጠፋ።

«አልሸጥም!» አልኩ።

«ስሚኝ ልጄ ሰዓደት፣ ጊዜው ያለፈበት ብረት እኮ ነው። እኛም ለኑሪ ብለን ነው እንጂ…» አሉ ጋሼ ዘመድኩን። «ለውጭ ሰው እንደማይሸጥም ታውቂያለሽ።»

ለኑሪ ብለው! ደሜ ፈላ። የማሽኑን ራስ ከጠረጴዛው አስፈትቼ፣ በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤቴ ወሰድኩት።

ልጄ ሀፍሷ በዘይት ወለወለችው፣ ነጭ አንሶላ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሳችውና ዕቃ የሚሸጥበት የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፈችው። ስልኩ የሷ ነው፤ ስም አልጻፍንም፤ ዋጋውንም «በስምምነት» አልን። በማግስቱ ስልኩ እረፍት አጣ። አንዱ «የመጨረሻ ስንት?» ይላል፣ ሌላው በፍሪጅ ቀይሪኝ ይላል። አራተኛው ደዋይ ግን ፋታም አልሰጣት።

«ስሚኝ ልጄ፣ ይኼ ማሽን ዛሬ በወርቅ ቢፈለግ አይገኝም! ሠላሳ ሁለት ሺህ ልስጥሽ፣ ለማንም እንዳታሳዪው!»

ድምፁ በስፒከር ቤቱን ሞላው። «ስሚኝ ልጄ» ሲሉ ነው ጋሼ ዘመድኩን መሆናቸውን ያወቅሁት። በዚያ ሁሉ ንዴት እንኳ አንቱታው አለቀቀኝም፤ «ነገ አራት ሰዓት ሰባተኛ ሆነው ይደውሉ በያቸው» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሰባተኛ? እኔ እኮ እዚያው ነኝ!» ብለው ሳቁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

በነጋታው ማሽኑን ሱቄ መልሼ ጨርቅ አለበስኩት፤ የሀፍሷን ስልክ አጠገቡ አስቀመጥኩ። አራት ሰዓት ላይ ጋሼ ዘመድኩን ከሱቃቸው ወጡ፣ ግራ ቀኙን አዩ፣ ደወሉ። ስልኩ እኔ ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። ዞር አሉ። አላነሳሁትም፤ እየጮኸ ጨርቁን ገፈፍኩት።

«ኧረ… ሰዓደት…» ስልኩን ከጆሯቸው ማውረድ እንኳ ረሱ።

«ትናንት ለማያውቋት ልጅ የነገሯትን ዋጋ አሁን እዚህ ይጥሩት።»

ሰው ሥራውን እየተወ ወጣ። እሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ።

«አልተሰማም ጋሼ። እንደዚያን ቀን ጮክ ይበሉ!»

«ሠላሳ ሁለት ሺህ!»

«አንደኛ» አልኩ እኔ። ያን ቀን ጫማቸውን ሲያዩ የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አየኋቸው። «ሁለተኛ። ሦስተኛ። ይውሰዱት።»

ብሩን ወደ ሒሳቤ አስገቡ፤ መግባቱን አረጋግጬ ማሽኑን ለቀቅኩ። ከዚያ ካውያውን ከመደርደሪያ አውርጄ ዘረጋሁላቸው።

«ይኼም የወንድምዎ ነው። ይውሰዱት፤ ኑሪ ከፍሎበታል።»

እጃቸው አልተዘረጋም። ማሽኑን አቅፈው ሄዱ።

ካውያውን የሱቄ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሱቃቸውን ለመክፈት በየቀኑ በፊቱ ያልፋሉ። ተራው አሁን «ሰዓደት ጨከነች፣ ሽማግሌ አዋረደች» ይለኛል። ይበል። ዋጋውን ሳያውቁ ቀርተው ቢሆን ኖሮ እኔም ይቅር እላቸው ነበር።