ከእትዬ ሀዋ ጋር ጾም የፈታሁ ቀን

በዚያ ዓመት ደብረ ታቦር ውስጥ እንደ እኔ የተመሰገነ ጾመኛ አልነበረም። ምስጋናው ግን ሁሉ ያለ ቦታው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጣልያን ገበያው ዳር ባስተከለው የእህል ሚዛን ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ከብዙነሽ ጋር ገብስ ልንሸጥ ሄድን። አስተርጓሚው ጨዋታ አማረውና ጆንያችንን አውርዶ፣ እኔን በክንዴ ይዞ ሚዛኑ ላይ አቆመኝ። «ስልሳ አራት ኪሎ! ከገብሱ ትበልጣለች!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ሳቀ። ሳቁን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ከኋላዬ የቆመች ሴት በሹክሹክታ ያለችውን ነው። «አባቷ በየጫካው ሥር እየማሰ ይበላል፣ እሷ እዚህ ትሰባለች።»

አባቴ ይርጋ ከአርበኞች ጋር ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰው ቆሞ ከሳቀ በእኔ የሚስቅ ይመስለኝ ጀመር። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ወገቤን በነጠላ እጠቀልላለሁ። ገላዬን እንደ ሰረቅሁት ዕቃ አፈርኩበት። መብላት ተውኩ።

እንዴት ሳይነቃብሽ ቀረ ትሉኝ ይሆናል። አገራችን የጾም እጥረት አለባት እንዴ! የሰኔን ጾምኩ፤ ፍልሰታን ጾምኩ፤ ጽጌ ሲገባ እሱንም ያዝኩ። ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾምና ይበላል። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድርሻዬን በጉያዬ ደብቄ ለውሻ እሰጣለሁ። ጉንጬ ሲጎድል እናቴ «ልጄን እመቤታችን መረጠቻት» እያለች በየሰንበቴው ታወራለች። የነፍስ አባታችን መምሬ ሞላ እንኳ እኔን እየጠቀሱ ሌሎቹን ልጃገረዶች ገሠጹ። ጸጉሬ በሚዶው ተነቅሎ ሲወጣ፣ ስነሣ ዓይኔ ሲጨልም፣ እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ሞኝ!

ያወቁብኝ ጎረቤታችን እትዬ ሀዋ ናቸው። ጥጥ ነጋዴ ነበሩ፤ ምላሳቸው መራራ፣ እጃቸው ለጋስ። ያን ዓመት ጽጌና ረመዳን ገጠሙ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከእናቴ ጋር የፈተልነውን ፈትል ላደርስ ሄጄ ደጃፋቸው ላይ ወደቅሁ። አንስተው ግድግዳ አስደገፉኝና ክንዴን በሁለት ጣታቸው ለኩት።

«ይኼ ጾም ነው?»

«አዎ፣ የጽጌ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ። እንግዲያውስ አብረን እንፈታለን።»

ውኃ በጣሳ፣ የተቆላ ገብስ በሰፌድ አቀረቡ። የእነሱን ሥጋ እንደማንበላ ያውቃሉ፤ ገብሱን የቆሉት ለእኔ ነበር። ፀሐይ ጠለቀች፤ አዛን ተሰማ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«እትዬ፣ አንቱ ይፍቱ እንጂ» አልኩ።

«አንቺ ሳትፈቺ አልፈታም።»

«እኔ ቆይቼ...»

«በእኛ ሰዓቱ ከደረሰ ማዘግየት አይወደድም። ኃጢአቱ በአንቺ።»

ከንጋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ጣሳው እጉልበታቸው ሥር ነው። እኔ የተራብኩት የሰው ዓይን አልችል ብዬ ነበር። የእሳቸውን ጥም ማየት ደግሞ ከዚያ ባሰብኝ።

«ልጄ፣ ጾም መፍቻ አለው» አሉ ዝግ ብለው። «መፍቻ የሌለው ሞት ነው። ማን ምን አለሽ?»

አለቀስኩ። ሚዛኑን፣ ስልሳ አራቱን፣ የሴትዮዋን ቃል፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁም።

«አባትሽ ሥር የሚበላው አንቺ እንድትከሺ መሰለሽ? አንቺ እንድትበዪ ነው እንጂ!»

ጥቂት ገብስ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ያን ጊዜ «ቢስሚላህ» ብለው ጣሳውን አንስተው ጠጡ።

በማግስቱ ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ደረቷን እየደቃች መምሬ ሞላ ዘንድ ወሰደችኝ። እኔ የንስሐ ቀኖና መቼም ጾምና ስግደት ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። መምሬ ግን መስቀላቸውን አሳልመው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሳልመረምር አመሰገንኩሽ» አሉ። «እስክትጠነክሪ ከጾም ፈትቼሻለሁ። ቀኖናሽ ይህ ነው፤ አባትሽ እስኪመለስ ድረስ ድርሻሽን ሳትበዪ ከገበታ አትነሺ።»

ቀላል አልነበረም፤ ስንቱን ጉርሻ በእንባ ዋጥኩት። ረመዳን እስኪያልቅ ፀሐይ ስትጠልቅ እትዬ ሀዋ ቤት እሄድ ነበር። አንድም ቀን ቀድመውኝ አልጠጡም።

ጣልያን ወጣ። አርበኞች ከተማ ሲገቡ መንገድ ዳር ቆሜ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። አባቴ ከመካከላቸው አልነበረም። መምሬ ሞላም አረፉ፤ ቀኖናዬን የፈታልኝ የለም። ስለዚህ ይኸው ሰባት ልጅ ወልጄ፣ ስልሳ አራት ኪሎውን ካለፍኩ ስንት ዘመኔ፣ ዛሬም ድርሻዬን ሳልበላ ከገበታ አልነሣም። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ አሁን የሰው ሳቅ አይከብደኝም። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ብዬ ነው የምጎርሳት፦ «እትዬ ሀዋ፣ አሁን ይጠጡ።»