ገንፎ ያለ አራስ

ቦሌ ሚካኤል ሰፈር የሴት ምስጢር የሚታወቀው ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ምንትዋብ የወር አበባዋ ሲመጣ እንደ ማንኛዋም ሴት ከግቢው በር ውጭ ቆማ ታስቀድስ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን አንድም እሑድ ውጭ ሳትቆም ክረምቱ ወጣ።

አማቷ ወይዘሮ አፀደ ይህን አይተው ማንንም አልጠየቁም። ገብስ ገዝተው አስፈጩ፣ ዱቄቱን ለአራስ ገንፎ ብለው ቆርቆሮ ውስጥ ከደኑት። የምንትዋብ ሆድ አለመግፋቱንም «በእኛ ዘር ዘግይቶ ነው የሚገፋው» ብለው ለጎረቤት አስረዱ። ምራታቸውን ግን እስካሁን «የገረመው ሚስት» እንጂ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። የታላቅ ልጃቸውን ሚስት መካን ናት ብለው አስፈትተዋል።

ምንትዋብን ያስጨነቃት ሙቀቱ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ላይ ድንገት ፊቷ ጋለና በያዘችው ጋዜጣ መራገብ ጀመረች።

«ጓድ ምንትዋብ፣ አስተያየት አለሽ?» አለ ሰብሳቢው።

አስተያየት አልነበራትም። ላብ ብቻ ነበራት። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደች።

ቡልጋሪያ የተማረው ሐኪም ደሟን ደጋግሞ አስመረመረ። «እርግዝና አይደለም። ገና ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው፤ ግን አርጠሻል» አላት።

«እናቴ እኮ በሃምሳዋ ነው ያረጠችው» አለች፣ ስህተቱን ያገኘችበት መስሏት።

«አንዳንዴ ያለ ዕድሜ ይመጣል። ክኒን ትውጫለሽ፤ ሙቀቱን ያበርድልሻል፣ አጥንትሽም እንዳይሳሳ ይረዳል። ወር አበባሽም ይመለሳል።»

«ልጅስ?»

«እሱን አያመጣም።»

ክኒኑ ሌሎች ሴቶች እንዳያረግዙ የሚውጡት ነው። ምንትዋብ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ሐኪሙ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

ማታ ለባሏ ለገረመው ነገረችው። ገረመው እጇን ያዘ። «ለእማዬስ ማን ይነግራታል?» አለ። እሱ እንደማይነግር ግልጽ ነበር።

በጥቅምት ክኒኑ ሥራውን ሠራ። እሑድ ምንትዋብ ከግቢው በር ውጭ ቆመች። ወይዘሮ አፀደ አስቀድሰው ሲወጡ አዩዋትና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ፅንሱ ወረደብሽ?»

አዎ ብትል ያዝኑላታል፣ ለከርሞም ተስፋ ያደርጋሉ። አንድ ዓመት ታገኛለች። ምንትዋብ ግን ውሸቱን ተሸክሞ መክረሙ ታከታት።

«አልወረደም እማማ። መጀመሪያም አልነበረም። አርጫለሁ፤ አጥንትሽም ሊሳሳ ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ።»

ወይዘሮ አፀደ ፊት ፊት እየሄዱ ቤት ደረሱ። ምንትዋብ ጓዳ ገብታ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎተተች። ልብሷን እያጠፈች ሳለ ከሳሎን ተጠራች።

ጠረጴዛው ላይ ገንፎ ይጨሳል፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ቀልጧል።

«ዱቄቱ ሊነቅዝ ነው» አሉ ወይዘሮ አፀደ ሳያዩዋት። «ገብስ ለአጥንት ጥሩ ነው። አፍሽን ክፈቺ።» የመጀመሪያውን በእጃቸው አጎረሷት።

ገረመው ገብቶ ገንፎውን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ወለደ?»

«ማንም። እጅህን ታጠብና ቁጭ በል» አሉት እናቱ። «ልጄን አታናጥባት።»