የእትዬ ድንቅነሽ ምንጣፍ

አስረኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ በዘጠና ስምንት፣ ከተማችንን መካነ ሰላምን ጉም ዋጣት። ጠዋት በር ስከፍት መንገዱም የጎረቤት ቤትም የለም፤ ነጭ ብቻ። እኔም ጉሙን እያየሁ በሐሳቤ ነጭ ጋወን እለብስ ነበር። ደሴ፣ በአንድ የነርስ ኮሌጅ ኮሪደር ላይ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ የጫማዬ ድምፅ ይሰማኛል። «ሲስተር ፈርሂያ!» ይሉኛል። «አቤት!» እላለሁ። ሁለቱንም ጮክ ብዬ የምለው እኔው ስለሆንኩ እናቴ ከጓዳ፣ «ደግሞ ማን ጠራሽ?» ትለኛለች።

በእኔና በዚያ ኮሪደር መካከል አንድ ወረቀት ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለችግረኛ ልጆች የኮሌጅ ክፍያ እሸፍናለሁ ብሏል፤ የቀበሌው ኮሚቴ ግን ቤት ለቤት ዞሮ ችግረኛነታችንን በዓይኑ አይቶ መመስከር አለበት። ማመልከቻዬን በሚያምር ጽሕፈት ጻፍኩ። አባቴ መሞቱን፣ እናቴ ኡምኩልሱም የሰው ልብስ እያጠበች እንደምታሳድገኝ፣ አንዱንም አልደበቅሁም። ኮሚቴው ሐሙስ ይመጣል ተባለ።

ሐሙስ ከገበያ ስመለስ ቤታችንን አላወቅሁትም። መሬቱ ላይ ወርቃማ አበባ ያለው ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ልጇ ከጅዳ የላከችላት የጎረቤታችን የእትዬ ድንቅነሽ ምንጣፍ ነው። ፔርሙዟና ስድስቱ ብርጭቆዎቿም አልቀሩም።

«እማ፣ ምን ነካሽ? ድሀ መሆናችንን ሊያዩ እኮ ነው የሚመጡት!»

«ድህነታችንንማ አላህ ያየዋል» አለች የምንጣፉን ጫፍ እያቃናች። «እንግዳ ባዶ መሬት ላይ አላስቀምጥም። ገበናችንን አውጥተሽ ለሰው ልታሳዪ ነው? አብሽሪ።»

እርር ድብን አልኩ። ምንጣፉን ልጠቀልል ጎንበስ ስል ደጅ ላይ ሳል ተሰማ።

ሦስት ሆነው ገቡ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ፈንታው ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ። «መርሐባ፣ ቤት ለእንግዳ!» አለች እናቴ። ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ሻይ ተቀዳ። ጋሽ ፈንታው ከምንጣፉ ጥግ ፍም ያቃጠላትን ትንሽ ቀዳዳ አዩና በጣታቸው ዳሰሷት። ቀና ብለው ባልደረቦቻቸውን ሲያዩ ሁለቱም አቀረቀሩ። «የእኛ አይደለም!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የእናቴ ዓይን መልሶ ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም። ከምንጣፉ አበቦች አንዱን ሐረግ ይዤ በዓይኔ ሄድኩ፤ ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ ኮሪደሩ ላይ ያወጣኛል። በሮቹ ሁሉ ነጭ ናቸው። የሚጠራኝ ግን አልነበረም።

«ቤትዎ ሙሉ ይሁን፣ ወይዘሮ ኡምኩልሱም» አሉ ጋሽ ፈንታው ሲነሱ።

«አሚን!» አለች እናቴ ደስ ብሏት። እኔ ግን አለቀልኝ ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። ምሳ ስታቀርብልኝ ጀርባዬን እሰጣታለሁ። ሕልሜም አልመጣ አለኝ፤ በር ስከፍት ጉሙ ጉም ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ቀበሌ ተጠራሁ። ጸሐፊው የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ሰጠኝ፤ እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

«ሰኞ በተማሪ አበቡ፣ ረቡዕ በተማሪ አለኸኝ፣ ሐሙስ በተማሪ ፈርሂያ ቤት ተገኝተናል። በሦስቱም ቤት ጥጉ የተቃጠለ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ጠጥተናል። ከዚህ ሌላ ያየነው ንብረት የለም፤ ይህም የሦስቱም አይደለም። ስለዚህ ሦስቱም ይረዱ።»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። እየሮጥኩ ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ላይ የሰው አንሶላ ታጥባለች።

«እማ፣ አለፍኩ!»

እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ ግን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስለ ቤታችን ምን ይላል?»

«ስለ ምንጣፉ ጽፈዋል።»

«አላልኩሽም!» ፊቷ በራ። «ባዶ መሬት ላይ ባስቀምጣቸው ኖሮ ማን ዞሮ ያይሽ ነበር?»

ላርማት አሰብኩ። ወረቀቱን እንደገና አየሁት። ለካ እውነቷን ነው፤ ያሳለፈኝ ምንጣፉ ነው። ያኮረፍኳት ሁለት ሳምንት ቆጨኝ።

«ልክ ነሽ፣ እማ» አልኳት።

ወረቀቱን መለሰችልኝና የራሰውን አንሶላ ከሳፋው አነሳች።

«በይ እንግዲህ ሲስተር ፈርሂያ፣ ያንን ጫፍ ያዢልኝና እንጭመቀው።»

«አቤት» አልኳት።