መኪናው ከበር ሳይወጣ

"ኪስሽ ውስጥ አትክተቺው! አንገትሽ ላይ አንጠልጥይው፣ ይታይ!"

የስፌት ክፍሏ አለቃ ቀይ የላስቲክ ቅርጫት በክንዷ ይዛ በማሽኖቹ መሃል እየተዘዋወረች ለሴቶቹ መታወቂያቸውን ታድላለች። ሴቶቹ እየተቀበሉ ፎቷቸውን ያያሉ። "እዩት እስቲ፣ ያኔ ጉንጭ ነበረኝ!" አለች አንዷ። ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ።

መታወቂያ መታደሉ ምን ይገርማል የሚል ካለ ይስማ። እዚህ ፋብሪካ መታወቂያ ለባለቤቱ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ብቻ ነው። በደላላ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ገና በሩን ሲያልፉ "ውላችሁ ሲያልቅ ትወስዳላችሁ" ተብለው ይቀማሉ፤ ውሉ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ያለ መታወቂያ ዘበኛው አያስወጣም፣ አውቶቡሱም አያሳፍርም። እዚያው ይሠራሉ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ይተኛሉ። የሚሰፉት የመኪና ወንበር ልብስ ነው። ገዢው፣ ባሕር ማዶ ያለ መኪና አምራች ኩባንያ፣ "ሰው ተገዶ የሠራውን ዕቃ አልቀበልም" ብሎ አልፎ አልፎ አንዲት ተቆጣጣሪ ይልካል። ያን ቀን ቅርጫቱ ይወጣል። የተቆጣጣሪዋ መኪና ከበር ወጥቶ አቧራው ሲረጋ ደግሞ ቅርጫቱ እንደገና ይዞርና መታወቂያው ሁሉ ይሰበሰባል። የምታዞረው አለቃዋ ናት፤ እንጀራዋ ነው፣ ምን ታድርግ።

መጨረሻ የደረሰችው የእህቷ ልጅ ጋ ነው። ሚጡ ትላታለች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ።

"እስቲ በይ" አለቻት ጎንበስ ብላ። "መታወቂያሽ የት ነው የሚቀመጠው?"

"እኔው ጋ።"

"ቤተሰብ ጥየቃስ?"

"ስፈልግ እሄዳለሁ።" ሚጡ ቀና ብላ አየቻት። "አክስቴ፣ የእውነት ግን ይለቀኛል? እማዬን ዓይኗን አይቼ እመለሳለሁ እኮ።"

"ቁጥጥሩ በሰላም ይለፍ እንጂ ነገ ትሄዳለች ብሎኛል።"

"ሳቂታው ነው ያለው?"

"እሱ ነው።"

"እሱማ ሲከለክልም ይስቃል" አለች ሚጡ።

ሳቂታው የሚሉት ሥራ አስኪያጁን ነው። የሚጡ እናት ከታመመች ወዲህ አለቃዋ ደጁን ያልጠናችበት ቀን የለም። ልጅቱን ከእህቷ እጅ ተቀብላ ያመጣቻት ራሷ ናት። "አደራሽን፣ አንቺ እያለሽላት ምን ትሆንብኛለች" ብላ ነበር እህቷ። በመጨረሻ ሳቂታው "ተቆጣጣሪዋ ፊት ደህና አድርጋ ትመልስና እናቷን ትይ" አለ። አለቃዋም ውሸቱን እንደ ጸሎት አስጠናቻት። የልጅቱን መንገድ የምትከፍት መስሏት ነበር፣ ምስኪን።

ተቆጣጣሪዋ መጥታ ማሽኖቹን ማየት እንደጀመረች የአለቃዋ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ወንድሟ ነው። ጨርቅ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ አነሳችው።

"እታለም" አለ ቃሉን እየጎተተ።

"ምነው? ተናገር እንጂ!"

"እህታችን አረፈች። ዛሬ ጠዋት። ልጄን፣ ልጄን እንዳለች። ቀብሩን ለነገ አቆይተነዋል፣ ልጅቷ እንድትደርስ። ትደርሳለች አይደል?"

ስልኩን ዘግታ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተዘረፈጠች፤ ድምጿ እንዳይሰማ የወንበር ልብስ ቁራጭ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ወይኔ እህቴ! ሰው እህቱ ሞታበት እንኳ ጮኾ የማያለቅስበት ቤት፣ ምን ዓይነት የተረገመ ቤት ነው? ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ወጣች።

ተቆጣጣሪዋን ከሚጡ ማሽን አጠገብ በርከክ ብላ አገኘቻት። ቋንቋቸውን የምትናገር፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሳቂታው ከኋላዋ ቆሟል።

"ይሄ መታወቂያ ሁልጊዜ አንቺ ጋ ነው፣ እህቴ?"

"አዎ፣ እኔው ጋ ነው።"

"ቤተሰቦችሽ ሩቅ ናቸው?"

"ራቅ ይላሉ። ግን ስፈልግ እሄዳለሁ።"

"በቅርቡ ሄደሽ ነበር?"

ይሄ አልተጠናም። ሚጡ አክስቷን አየች፣ ሳቂታውን አየች። ከዚያ ከራሷ ጨመረችበት፤ ነገ እንድትሄድ እኮ ነው።

"ባለፈው ወር ሄጄ ነበር። እናቴን አየኋት። ደህና ናት፣ እንዲያውም ወፍራለች።"

"ደስ ይላል። ዕድሜ ይስጥልሽ።"

"አሜን" አለች ሚጡ።

አለቃዋ ፊቷን እንዳያዩባት ጎንበስ ብላ የወደቀ ክር ለቀመች።

ቁጥጥሩ አለቀ። ሴቶቹ ሥራ ጨርሰው በግቢው በኩል ወደ ማደሪያቸው መሄድ ጀመሩ። ተቆጣጣሪዋ ቦርሳዋን አንግታ ወደ መኪናዋ ስታመራ ሳቂታው ወደ አለቃዋ ጠጋ አለ።

"ጎበዝ! ያስጠናሻትን ቁጭ አደረገችው እኮ።"

"እናቷ ሞተች" አለችው። "ዛሬ ነው የሞተችው። ቃልዎን ይጠብቁ፣ አሁኑኑ ልውሰዳት። ነገ ቀብር ነው።"

"ውይ፣ ውይ፣ ነፍስ ይማር!" እንደ ልማዱ ጥርሱ ታየ። "እኔ ግን የፈቀድኩት የታመመ ትጠይቅ ብዬ ነበር። ከሞተችማ ምን ያስቸኩላል? ለገዢው የሚላከው ጭነት ይውጣና ትሄዳለች። ለልጅቷም እስከዚያ ባትነግሪያት ይሻላል፣ ከሰማች እጇ ይዝልብናል።"

ተቆጣጣሪዋ የመኪናዋን በር ይዛለች። አለቃዋ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባት ፈራች። ከመኪናው በኋላ ጩኸቱን ማን ይሰማዋል? ቀዩን ቅርጫት ከግድግዳው ላይ አወረደችና ግቢው መሃል ወጣች።

"መታወቂያ!" ብላ ጮኸች። "መታወቂያችሁን መልሱ!"

ሴቶቹ ክው አሉ።

"እትዬ" አለቻት ጉንጭ ነበረኝ ያለችው፣ በሹክሹክታ። "መኪናው ገና አልወጣም እኮ።"

"አውቃለሁ። ጣይበት።"

ሴትዮዋ ትንሽ አመነታችና ከአንገቷ አውልቃ ጣለች። ሌላዋም ጣለች። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ፣ መቼም ለምደውታል።

"አበድሽ እንዴ? ምን እያደረግሽ ነው?" ሳቂታው እየሮጠ መጣ። ሳቁ ከፊቱ ላይ የለም።

"እንደ ሁልጊዜው እየሰበሰብኩ ነዋ።"

ተቆጣጣሪዋ የመኪናውን በር ለቀቀች። ቀስ ብላ ተመልሳ መጥታ ቅርጫቱን ቁልቁል አየችው።

"ሁልጊዜ?" አለች።

"እናንተ በሄዳችሁ ቁጥር" አለች አለቃዋ። "ያስጠናኋቸውም እኔ ነኝ። ሁሉንም እነግርሻለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ።"

የሰልፉ መጨረሻ ሚጡ ነበረች። መታወቂያዋን ስትዘረጋ አክስቷ ጣቶቿን መልሳ አጠፈችባት።

"ያንቺን ያዢው። ለመንገድ ነው።"

"ፈቀደልኝ?" የሚጡ ፊት በራ። "አክስቴ! እማዬን ላያት ነው?"

አለቃዋ ቅርጫቱን ለተቆጣጣሪዋ አስረከበችና ሁለት እጇን ለልጅቱ ዘረጋች።