ጀልባዋ ላይ ማን ነበር?

«የጉም ወደብ» ክፍል ሁለት መታየት በጀመረ በአራተኛው ቀን፣ የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝቶ መጣና በር ላይ ትኬት ለምትቀበለው ሴት ሰጣት። ተመልካች ሲወጣ አስተያየቱን እየጠየቀች እንድትጽፍ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አዝዞ አያውቅም፤ ግን ግራ ገብቶታል። ግማሹ ሰው ፊልሙን እያብጠለጠለ ይወጣል፤ ግማሹ ደግሞ ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ በማግስቱ ተመልሶ ይሰለፋል።

ሴትዮዋን ሁሉም «ባትሪ» ነው የሚላት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ በእጅ ባትሪ ሰውን ወንበሩ ድረስ ስታደርስ ኖራ፣ መጠሪያዋ እሱ ሆኖ ቀረ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አይታ አታውቅም። የሚገባ ሰው አስቀምጣ እስክትወጣ ድረስ ያየችውን ቁራጭ ነው የምታውቀው።

መጀመሪያ የጻፈችላቸው ሰዎች አላስቸገሯትም። አንድ መነጽር ያደረገ መምህር፣ በክፍል አንድ ልባችንን ሰቅሎ የያዘው ዘንዶ እዚህ አንዴ ብቅ ብሎ ጠፋ፣ ሲያታልሉን ነው አለ። ሁለት ተማሪዎች ልዕልቷን የምትሠራዋ ተዋናይ በመቀየሯ ተናደው፣ አዲሲቷ ስታለቅስ እንኳ ፀጉሯ አይበላሽም እያሉ ተሳሳቁ። አንድ ባለታክሲ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ለሦስተኛው ክፍል ሊያሰልፉን ነው ብሎ ተማረረ። ባትሪ ሁሉንም እንደወረደ ጻፈች።

ያስቸገሯት የወደዱት ናቸው። አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንዶውንም ልዕልቷንም አላነሳችም። ጀልባዋ ላይ የነበረው አባቴ ነው አለች፤ ባትሪ እስክሪብቶዋን ይዛ ስትፈዝ ጊዜ፣ ጻፊው እንጂ ብላ በእርጋታ አዘዘቻት። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ጡረተኛ ወታደር ጀልባዋ ላይ የድሮ ጓደኛውን እንዳየ ተናገረ፤ ሰውየው እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። አንዲት ነርስ ደግሞ ማንን እንዳየች ሳትናገር፣ በቤት ስሜ ጠራኝ ብላ ብቻ ወጣች። በሳምንቱ መጨረሻ እንዲህ የሚሉት ሠላሳ ደረሱ። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

ባትሪ ነገሩ ሲከነክናት ወደ ማጫወቻው ክፍል ወጣች። ፊልሙን የሚያጫውቱት ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ልዕልቷ ወደቡ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ከጉሙ ውስጥ አንዲት ጀልባ እንደምትመጣ፣ ሰው ግን እንደሌለባት፣ የታሪኩም ቁም ነገር የጀልባዋ ባዶ መሆን እንደሆነ አስረዷት። ሃያ ስድስት ጊዜ አጫውተውታል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ጀልባዋ ስትመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንደሚያዞሩ ነገሯት። 

ባትሪም የምትናፍቀው ሰው ነበራት። አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻት ታላቅ እህቷ፣ እታለም፣ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ልክ ክፍል አንድ መታየት በጀመረበት ቀን ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አብራት የምትኖረው እታለም ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ ዛሬ ከሥራ ቅሪልኝ ብላት ነበር። ባትሪ ሕዝቡ እንደ ጉድ ስለሚመጣ የመጀመሪያውን ፊልም ሰው አስገብቼ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። ስትመለስ የስድስት ዓመት ልጇን ብቻዋን ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። ልጅቷ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም።

እሑድ ባትሪ ሥራዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ አሁን ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ልጇን ይዛ የስምንት ሰዓቱን ፊልም ገባች። ለራሷ ልጄን ላዝናናት ነው ብላለች። ዘንዶው መጣ፣ ሄደ። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ወደቡ ታየ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ።

ጉሙ ተከፈተ። ጀልባዋ ቀስ ብላ መጣች። ባዶ ነበረች፤ ጣውላ መቀመጫ፣ አንድ ጥቅል ገመድ፣ ሌላ ምንም። ባትሪ ዓይኗ እስኪያቃጥላት ድረስ አፍጥጣ አየች። ከፊት ለፊቷ አንድ ሰውዬ ሳያስበው ከወንበሩ ተነሣ፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ ያዛጋል። በዚህ መሀል የልጇ እጅ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት።

«እታለም እኮ ናት» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እማ፣ አንቺን እያየች ነው። ለምን ዝም አልሻት?»

ወደ ቤት ሲሄዱ ባትሪ ምን እንዳየች ደጋግማ ጠየቀቻት። ልጅቷ እንደነገረቻት እታለም የሌሊት ልብሷን ለብሳ፣ ሰው እንደሚፈልግ ሰው ወንበሮቹን በተራ በተራ ስታይ ነበር። ልጅቷ አልፈራችም። እንዲያውም የሚያልፉትን ሱቅ መስኮት እየተመለከተች ነበር የምታወራው።

«ያን ቀንም እኮ ልካኝ መጥቼ ነበር» አለች።

«የት ነው የመጣሽው?»

«ሲኒማ ቤቱ በር ላይ። ሰዉ ብዙ ነበር። ቀሚስሽን ጎትቼ፣ እታለም ቶሎ ነይ ትልሻለች አልኩሽ። እሺ፣ መጣሁ በያት አልሽኝ። ሄጄ ነገርኳት። ከዚያ ስትጠብቅሽ ነበር።»

ባትሪ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን በጭንቅላቷ ገለባበጠችው። ሰልፉን፣ ግፊያውን፣ የተቀዳደደውን ትኬት አስታወሰች። ልጇ ግን የትም የለችም። ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ከሰው ልብ ይጠፋል? ልጅቷ ግን ዋሽታ አታውቅም።

በማግስቱ ብቻዋን ተመልሳ ገባች። ባዶዋ ጀልባ ከጉሙ ስትወጣ ባትሪ ተነሥታ ቆመች፤ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል፣ «እታለም፣ መጣሁ» አለች። ድምፅዋ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም።

ከኋላ ዝም በይ፣ ቁጭ በይ የሚሉ ተንጫጩ። በሌላ በኩል ግን አንድ የጎረምሳ ድምፅ «ጋሽዬ» ብሎ ተጣራ። ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ ከዚያ ሌላ። ጨለማው ውስጥ እዚህም እዚያም ሰው የሰው መጠሪያ ይጠራ ጀመር፤ ማንም ግን ጮክ አላለም። ባትሪ ዓይኗን ከጀልባዋ አልነቀለችም። ማንም አልታያት። ብቻ ጀልባዋ ትናንት እንዳየቻት አልነበረችም። ሰው እንደተሳፈረባት ሁሉ ወደ ውኃው ዝቅ ብላ ነበር የምትሄደው፤ ቀስ ብላም ዞራ ወደ ጉሙ ተመለሰች።

ስትወጣ መነጽራሙ መምህር በር ላይ አገኛት። ደግሞ ሊያየው መጥቶ ኖሯል። ፊልሙስ ይሁን፣ የዛሬው ሕዝብ ግን ሥርዓት የለውም ብሎ አማረረላት። ልክ ነህ አለችውና ትታው ሄደች።

ቤት ስትደርስ ልጇ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሥዕል ትሥላለች። ባትሪ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እንደመጣሽ አላስታውስም» አለቻት። «አሁንም ፈልጌ አጣሁት። ግን አምንሻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ የተላክሽውን አድርሰሻል።»

 ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ወደ እናቷ ጭን ተጠጋችና፣ ሦስት ዓመት ያላለቀሰችውን ማልቀስ ጀመረች።